ብር ወሰዳት

ሦስት ቀን ተቀመጠች ከመዝገብ ቤቱ በር፣
አንድ እግሩ በጎደለ አግዳሚ ወንበር።
"የኔ ፋይል" ትላለች፤ ሌላ አማርኛ የላት፤
አንዱ ቃል የውጭ ነው፣ "የኔ" ነው የቀረላት።

ኃላፊው "ደብዳቤ" አላት በትሕትና፣
"ከላከሽ ድርጅት አጽፈሽ ነይና..."
ድርጅቱ ከፈረሰ ስንት ዓመት ሆነው፤
ቢሮው የነበረው ዛሬ ወፍጮ ቤት ነው።
እኔ አቀርቅሬ ማህተም እጠርጋለሁ፣
በመርፌ፣ በሳሙና፤ ሥራ የያዝሁ መስያለሁ።

አውቃታለሁ።
ግራ ቅንድቧ ላይ ያለውን ጠባሳ
"ልዩ ምልክት" ብዬ የጻፍሁ፣ እንዴት ልርሳ?

ዘጠና ስምንት ነው፣ ፍኖተ ሰላም፣ ክረምት ሊወጣ፤
በነጭ መኪና አንድ ሰው ከከተማ መጣ።
"እናት ካለች ጉዳዩ ይጓተታል" አለኝ፤
አበል ብሎ አስፈርሞ ሦስት መቶ ብር ሰጠኝ።
በሰማያዊ ቀለም፣ በዚያ ቁም ጽሕፈቴ፣
(አጣጣሉን ያወረሰኝ ብራና ጸሐፊ አባቴ)
"የእናት ሁኔታ" ከሚለው ጎን "ሟች" ብዬ ሞላሁ፤
ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አልሁት፤ ሻዬን ጠጣሁ።

አባቴ ዳዊት ሲጽፍ አንዲት ፊደል ቢስት
ብራናውን ይፍቃል፤ እህል አይቀምስ ያን ዕለት።
እኔ ሰው ፋቅሁ፤
ማታ እራቴን በላሁ።

ባገሩ ወግማ የጡት ልጅ የሚያዘው
ጣት በማር ተነክሮ ነው፣ ሽማግሌ እያየው፤
የወለደም ቆሞ፣ የሚያሳድግም ምሎ፣
ልጁም አባቱን ሳይለውጥ፣ ስሙን አንጠልጥሎ።
የዝባለምን ጣት ግን እኔው ነኝ የያዝሁት፤
ማር አይደል፣ የማህተም ቀለም ነው ያስነከርሁት።
"ተምራ ትመጣለች" ብለን ነገርናት፤
የፈረመችበትን አላነበብንላት።
ከላይ "ሟች" ይላል፣ ከታች የሟቿ አሻራ፤
አንድም ሰው አልጠየቀ፣ አንድም ሰው አልፈራ።

ቅዳሜ ጂጋ ላይ፣ ከበርበሬ ተራ፣
"ያቺ ልጅሽስ?" ይሏታል የሚያውቋት በተራ፤
ሚዛኗን እንደያዘች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣
"ብር ወሰዳት" ትላለች። ሰው ወንዙን ይመስለዋል።
ክረምት የሞላ ብር ስንቱን ወስዶ የለ፤
ገበያው ከንፈር መጦ "ነፍስ ይማር" አለ።
ሰሙ ለሁሉም ደረሰ፣ ማንም አልቀረ፤
ወርቁ ግን በኔ ኪስ ሦስት መቶ ነበረ።

ትናንት ባጃጅ ነጂው፣ የኛው ልጅ ይርሳው፣
በሰባራ እንግሊዝኛ የልቧን አወጣው።
"አሳዳጊዎቼ ደጎች ናቸው" አለች፤
"ያ ሌላ፣ ይሄ ሌላ" ብላ ጨመረች።
ኃላፊው መለሰ፦ "የሕፃኗ ፋይል ምስጢር ነው።"
ሕፃኗ!
ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ትመርጣለች፣ ትመሰክራለች፣
ዕዳ ትፈርማለች፣ ብትፈልግ ትወልዳለች፤
ስለ ራሷ የተጻፈን ሁለት ቅጠል ወረቀት
ለማየት ስትመጣ ነው "ሕፃኗ" የሚሏት።

ዛሬ ኃላፊው ለስብሰባ ቡሬ ሄደ።
መሰላል አቆምሁ፤ ዶሴው በአቧራው ወረደ።
መጀመሪያ "ሟች"ን ልፍቃት አልሁ በምላጭ ጫፍ፤
ወረቀት ብራና አይደለም፤ ሊቀደድ ሆነ፤ ይትረፍ።

ወጥቼ ካጠገቧ፣ ካግዳሚው ተቀመጥሁ፤
ለእናቷ ያላነበብሁትን ለሷ አነበብሁ።
"ስም፦ አትጠገብ አለኸኝ።" ሁለቴ ደገመችው፤
ጠ ከበዳት፤ ሦስተኛው ላይ አገኘችው።

"ሟች" ላይ ስደርስ ቆምሁ። "ሐሰት ነው" አልሁ፤ "አለች፤
ቅዳሜ ጂጋ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች።"
ይርሳው ተረጎመ። ብዙ ዝም አለች።
ኋላ በጣቷ ጫፍ ሰማያዊዋን ቃል ነካች።
"ይህ እጅ የማን ነው፣ ትልሃለች" አለኝ ይርሳው።

"የኔ" አልሁ።
ይህን ማንም መተርጎም አላስፈለገው።